አባዬ ለ20 ደቂቃ አንደበቱ ተያዘ፣ ከዚያ ተመለሰለት። "ደህና ናቸው፣ ሰኞ ይምጡ" ተባልን። ሰኞን እንጠብቅ?

የፒያሳዋ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ የፊደል ግድፈት ካለ ይቅርታ።

አባዬ 64 ዓመቱ ነው። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን የሞያሌ መንገድ ላይ ነው የጨረሰው። ደም ግፊት አለበት። መድኃኒቱን ግን ራሱን ሲያመው ብቻ ነው የሚውጠው። ስኳር የለበትም። ሲጋራ ካቆመ ቆይቷል።

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር። ሁለተኛውን ስኒ ሰጠሁት፣ በቀኝ እጁ ተቀበለኝ። ትንሽ ቆይቶ ስኒው ቀስ እያለ አዘነበለ። ትኩስ ቡና ጭኑ ላይ ሲፈስ አባዬ አልደነገጠም፣ እጁንም አላቃናም። ዝም ብሎ ያየዋል። "አባዬ!" ብዬ ስጮህ ቀና አለ። የአፉ ቀኝ በኩል ወርዷል። ሊመልስልኝ ፈለገ፣ ቃል ግን አልወጣ አለው። ከብዙ ትግል በኋላ "መሪው… መሪው" አለኝ። በግራ እጁ የሚጠቁመው ወደ ፎጣው ነበር።

ጎረቤታችን እየሮጡ መጡ። "ምች ነው፣ ንፋስ መቶት ነው" ብለው ዳማከሴ ቀጥፈው ጨመቁ። ሊያጠጡት ሲሉ ትን አለው፣ ክፉኛ አሳለው፣ ተውነው። ባጃጅ ጠራን። ገብርኤልን እንዳለፍን አባዬ ዞር ብሎ "የት ነው የምትወስጂኝ?" አለኝ። ጥርት አድርጎ። እጁም ታዘዘለት። ከደስታዬ የተነሳ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ከመጀመሪያው እስከዚያ 20 ደቂቃ፣ ቢበዛ 25 ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሐኪም ቤቱን ስሙን አልጠራም። ካርድ አውጥተን ወረፋ ጠበቅን። ግፊቱ 170 በ100 ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም "እጄን ይጭመቁ" አለው፣ ጨመቀ። "ፈገግ ይበሉ" አለው፣ ፈገግ አለ። "አሁን ምንም የለባቸውም። ደክሟቸው ይሆናል፣ ግፊታቸውም ከፍ ብሏል" አለን። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት ጻፈልንና "ሰኞ ተመላላሽ ይምጡ" ብሎ ሸኘን። ደም አልተወሰደም። ስኳሩ አልተለካም። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) አልተነሳም። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልጋው ሁሉ ሞልቶ ሰው ኮሪደር ላይ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ነበር።

አባዬ አሁን ዜና እያየ ነው። ነገ ጠዋት አቶቴ ለቅሶ እደርሳለሁ ይላል። ቤተሰቡ ሁሉ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈ" ብሎ ተረጋግቷል። እኔ ግን ያ ስኒ ሲያዘነብል ዓይኔ ላይ ቀርቷል። ሰኞን እንጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልመልሰው? የማጋንነው እኔ ነኝ?


አዳማ ነኝ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡32

አላጋነንሽም እህቴ። የእኔ አባት የእጅና የአፍ ነገር አልነበረበትም። አንድ ጠዋት መስኮት አጠገብ ቆሞ "የግራ ዓይኔ ላይ መጋረጃ ወረደ" አለን። አምስት ደቂቃ ቆይቶ መጋረጃው ተነሳለት። የዓይን ችግር መስሎን መነጽር ልናሠራለት ነው የሄድነው። የዓይን ሐኪሟ ጎበዝ ነበረች፣ ገና ስንነግራት "ይሄ የዓይን ሳይሆን የደም ስር ነው" ብላ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ላከችን። በአልትራሳውንድ ሲታይ አንገቱ ላይ ያለው ደም ስር ጠቧል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ደረጃ አልደረሰም ተባልን። መድኃኒት ተጀመረለት፣ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ደህና ነው።

ያኔ ዘመድ ሁሉ "ጤነኛ ሰው ይዛችሁ ምን ገንዘብ ታባክናላችሁ" ይለን ነበር። አትስሚያቸው።


የማታ ተረኛ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡51

እህቴ፣ ረጅሙን ከመጻፌ በፊት አጭሩን ልንገርሽ። ሰኞን አትጠብቁ። አሁኑኑ ውሰጃቸው። የቀረውን ባጃጅ ውስጥ ታነቢዋለሽ።

እዚሁ ሐዋሳ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። ሳልመረምራቸው በሽታውን በእርግጠኝነት ስም ልሰጠው አልችልም። የጻፍሽው ግን ቲ አይ ኤ የምንለውን ነው የሚመስለው። ብዙ ሰው ሚኒ ስትሮክ ይለዋል። እኔ ይህን ስም አልወደውም፤ "ሚኒ" ሲባል ሰው ይረጋጋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ስር በረጋ ደም ለጥቂት ጊዜ ይዘጋል። ከዚያ የረጋው ደም ይሟሟል ወይም ተሰባብሮ ያልፋል፣ እጅም አንደበትም ይመለሳሉ። የረጋውን ደም የላከው ምንጭ ግን አልተነካም። ልብ ውስጥ ወይም አንገት ላይ በጠበበ ደም ስር ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንዱን ከላከ ሁለተኛውን ለመላክ የሚከለክለው የለም። ሁለተኛው ደግሞ ላይሟሟ ይችላል።

ለምን ዛሬ እንዳልኩሽ ቁጥሩን ልስጥሽ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት በቲ አይ ኤ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 1,707 ሰዎችን ተከታትሏል። በ90 ቀን ውስጥ ከመቶ 10 ያህሉን ስትሮክ መታቸው። ከነዚህ ግማሾቹ የተመቱት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ማለት ያ ሁለት ቀን አለቀ ማለት ነው።

ደግሞ ተስፋ የሚሰጠውን ስሚ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት የኦክስፎርድ ሐኪሞች አንድ ነገር ብቻ ቀየሩ፤ ቀጠሮ መስጠቱን ትተው በሽተኛው በመጣበት ቀን አይተው በዚያው ቀን መድኃኒት መጀመር። ቀድሞ መድኃኒቱ እስኪታዘዝ 20 ቀን ያህል ይወስድ ነበር፣ ወደ አንድ ቀን ወረደ። በ90 ቀን ውስጥ እንደገና በስትሮክ የሚመቱት ከመቶ 10.3 የነበሩት 2.1 ሆኑ። የሰጧቸው መድኃኒቶች አዲስ አልነበሩም። የተቀየረው ቀኑ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስቆም ይህች ቁጥር ከጭንቅላቴ አትወጣም።

አሁን የራሴን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔም በአንድ ወቅት ልክ እናንተን እንደሸኘው ልጅ ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ሌላ ከተማ፣ አንዲት በርበሬ ነጋዴ መጡ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ገበያ ላይ ሚዛን ይዘው ሳለ ከግራ እጃቸው ወደቀባቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ተመልሷል። ጣታቸው ላይ በርበሬው ቀይ ሆኖ ይታያል። ጨመቁኝ፣ ጥሩ ጉልበት አላቸው። ካርዳቸው ላይ "ምልክት የለም፣ ወደ ቤት" ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ሌሊት ልጃቸው አዝሏቸው ገባ። ተረኛው እኔው ነበርኩ። ካርዱን ስገልጥ የራሴ ጽሕፈት ነው ያገኘኝ። ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። እሳቸው ተርፈዋል። ግራ እጃቸው ግን አልተመለሰም፤ በዚያ እጅ ነበር ሚዛን የሚይዙት። ከዚያ ወዲህ "ምልክት የለም" ብቻ ብዬ ጽፌ አላውቅም። "በዚህ ሰዓት ጀመረ፣ ይህን ይመስል ነበር፣ በዚህ ሰዓት ጠፋ" ብዬ ነው የምጽፈው። የጠፋ ምልክትም ምልክት ነው።

ስለዚህ ስትመለሱ መደረግ ያለበትን ልንገርሽ። ባይደረግ በትሕትና ጠይቂ፣ መብትሽ ነው።

ከሁሉ በፊት ጣታቸው ተወግቶ ስኳር ይለካ። ዝቅ ያለ ስኳር ስትሮክ መስሎ እጅ ያዝላል፣ አንደበት ያስራል። አባትሽ ስኳር ባይኖርባቸውም ይለካ፤ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቀጥሎ ኢሲጂ። ልብ ምቷ ከተዘበራረቀ ውስጧ ደም ይረጋል፣ ያ ደም ነው ወደ አንጎል የሚላከው። ይህ ከተገኘ የሚሰጠው መድኃኒት ከሥሩ ይለወጣል። ኢሲጂውን ሳታዩ አትውጡ።

ከዚያ የራስ ሲቲ ስካን። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ቲ አይ ኤ ያገኘው ሰው ሲቲ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው የሚሆነው። ሲቲው የሚነሳው በዋናነት ደም መፍሰስ ወይም ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማየት ነው። "ሲቲው ደህና ነው፣ እንግዲህ ምንም የለም" ተብሎ ወደ ቤት አይኬድም። ኤም አር አይ ይበልጥ ያያል፤ ምልክታቸው ሙሉ በሙሉ ከጠፋላቸው ሰዎች ወደ ሲሶ በሚጠጉት ላይ ትንሽ የሞተ ቦታ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የልብ ማኅበር የቲ አይ ኤን ትርጉም ከሰዓት ወደ አንጎሉ ጉዳት የቀየረውም ለዚህ ነው። ድሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ቲ አይ ኤ ይባል ነበር። አሁን የሚጠየቀው አንጎሉ ተጎድቷል ወይስ አልተጎዳም ነው።

ስለ ምች ጠይቀሽኛል ባልልም ጎረቤትሽን አትቆጫቸው። እኛ አገር ፊት ሲጣመም ምች ይባላል፣ እውነትም የፊት ነርቭ ብቻ ታሞ ፊት የሚጣመምበት በሽታ አለ። እዚያ ላይ ግንባርም አብሮ ይሰንፋል፤ ሰውየው ቅንድቡን ማንሳት ያቅተዋል፣ ዓይኑም አይከደንለትም። በስትሮክ ግን ብዙ ጊዜ ግንባር ይተርፋል፣ የሚወርደው አፍ ነው። ከፊት ጋር እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተበላሸ ግን የፊት ነርቭ ብቻ አይደለም። ይህን ቤት ውስጥ ሆናችሁ እንድትለዩ አይደለም የነገርኩሽ። ዳማከሴውን የምከለክለው ግን በሌላ ምክንያት ነው። አፉ የወረደ ሰው መዋጥም ሊያቅተው ይችላል። ያ ትን ያለው ጭማቂ ሳንባ ቢገባ ሌላ በሽታ ነው። ሐኪም መዋጥ መቻላቸውን እስኪያረጋግጥ ውሃም፣ ክኒንም፣ ጠበልም በአፍ አይሰጥ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ደም መፍሰስ የለም ከተባለና የልብ ምቱ ደህና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ይጀመራሉ። መጀመሪያ ላይ ከፍ ባለ መጠን፣ ከዚያ ለ21 ቀን፣ ከዚያ አንዱ ብቻ ይቀጥላል። ይህ ቻይና ውስጥ 5,170 ሰው ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል፤ በ90 ቀን ውስጥ ስትሮክ አስፒሪን ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 11.7፣ ሁለቱን ከወሰዱት 8.2 ሆነ። ሁለቱን ለረጅም ጊዜ መቀጠል ግን የመድማት አደጋ ያመጣል፣ ስለዚህ ራሳችሁ አታራዝሙት። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ አቶርቫስታቲንም ይጨመራል።

ከቲ አይ ኤ በኋላ ስትሮክ የመምጣቱን አደጋ የምንገምትበት ነጥብ አሰጣጥ አለን። 60 ዓመትና ከዚያ በላይ 1፣ ግፊት 140 በ90ና ከዚያ በላይ 1፣ የአንድ ጎን መዛል 2፣ ከ10 እስከ 59 ደቂቃ መቆየት 1 (60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 2)፣ ስኳር ካለ 1። አባትሽ ከ7 ነጥብ 5 ናቸው። ትንሽ አይደለም። ሆኖም ነጥቡ ዝቅ ያለ ሰው ላይም የልብ ምት መዘበራረቅ ወይም የአንገት ደም ስር መጥበብ አግኝቻለሁ። ነጥቡ ማንንም ወደ ቤት ለመላክ ብቻውን አይበቃም።

አምሎዲፒኑን ደግሞ "ግፊቱ ይውረድ" ብላችሁ ሁለትና ሦስት አትስጧቸው። ግፊት በአንዴ ሲወርድ ደም ያነሰው አንጎል ይበልጥ ይጎዳል። ቀስ ተብሎ ነው የሚወርደው።


ትሪያጅ ላይ ነኝ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡03

ዶክተሩ ሁሉንም ብሏል። እኔ ነርስ ነኝ፣ በር ላይ የምቀበላችሁ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትገቢ "አባዬ ደክሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል" አትበይ። ይህን ስሰማ አረንጓዴ ካርድ (አስቸኳይ ያልሆነ ማለት ነው) ነው የምሰጥሽ፣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለኝ። እንዲህ በይ፦ "ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ፣ አፉ ወረደ፣ መናገር አቃተው፣ 20 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ።" ስኒውንም ንገሪኝ። "መሪው" ማለቱንም ንገሪኝ። ያየ ሰው አንቺ ነሽ፣ አባትሽ ራሳቸው ላያስታውሱት ይችላሉ። የሚውጡትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዘሽ ነይ።


የቱላ ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡09

ዶክተር፣ እኛስ? እኔ ከከተማ ወጣ ብዬ ነው ያለሁት፣ ጤና ጣቢያችን ሲቲ የለውም። የሲቲ ዋጋም ለሁሉም አይቻልም። እንዲህ ሲገጥመን እቤት ሆነን አስፒሪን እንስጥ?


የማታ ተረኛ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡21

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ምልክቱ ገና ካለ እቤት አስፒሪን አትስጡ። ደም መፍሰስ ከሆነ ያባብሰዋል፤ በዓይን ደግሞ አይለይም። ምልክቱ ጠፍቶ ከሆነ አስፒሪን ይጀመር ወይስ ሲቲ ይጠበቅ የሚለውን የመረመረው ባለሙያ ይወስን።

ጤና ጣቢያ ግን ባዶ እጁን አይደለም። ስኳር ይለካል። ግፊት ይለካል። የእጅ አንጓ ላይ የልብ ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ዳስሶ መዘበራረቁን ማወቅ መሣሪያ አይጠይቅም። ከዚያ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፍ። ሪፈሩ ላይ የጀመረበትና የጠፋበት ሰዓት ይኑር። የጤና መድህን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንም ሪፈሩንም ይያዝ፤ ያለ ሪፈር ሲመጣ ነው ብዙ ጊዜ ከኪሱ የሚከፍለው።


የፒያሳዋ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡26

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አባዬ እንቢ አለኝ። "እኔ ደህና ነኝ፣ ለቅሶ ሳልደርስ ሆስፒታል አልተኛም" ይላል። እናቴም "ሰውየውን አታስጨንቂው" አለችኝ። ምን ልበለው?


የማታ ተረኛ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡29

ሹፌር ናቸው አይደል? እንዲህ በያቸው። "አባዬ፣ ሙሉ ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አንዴ እንቢ ብሎ ቢመለስልህ፣ ያዘልኝ ብለህ መንገድህን ትቀጥላለህ ወይስ አቁመህ ታያለህ?"


የፒያሳዋ
እሑድ፣ ከሰዓት 9፡15

ትናንት ሳልመልስላችሁ የቀረሁት ሆስፒታል ስለነበርን ነው።

የፍሬኗን ነገር ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ። "ፍሬን ነው ካልሽ ሂጂ፣ ባጃጅ ጥሪ" አለኝ። ሌላ ሐኪም ቤት ነው የሄድነው። በር ላይ ነርሷ ያለችንን ቃል በቃል ተናገርኩ። "መሪው" ማለቱን ስነግራቸው የተቀበለችን ልጅ ብዕሯን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ፣ ወዲያው አስገባችን።

ስኳሩ ደህና ነው። ሲቲው ላይ ደም መፍሰስ የለም፣ ሌላም የሚታይ ነገር የለም። ኢሲጂው ግን ደህና አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያሉት ሹል ሹል መስመሮች አንዱ ከአንዱ እኩል አልተራራቁም፤ ሁለቱ ተጠጋግተው ሦስተኛው ይርቃል። እኔ እንኳ ሳልማር አየሁት። ሐኪሟ "አባባ፣ ልብዎ ሲዘል ይሰማዎታል?" አለችው። "አዎ፣ አንዳንድ ጊዜ እንደ ናፍጣ ሞተር ይንተከተካል" አላት። "ከመቼ ጀምሮ?" "ከገና ወዲህ።" ለማናችንም አልነገረንም። ቡናው መስሎት ነበር።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ ምት መዘበራረቅ) ነው አሉን። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬሉን ትተው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንጀምራለን አሉ። ተኝቷል። የልብ አልትራሳውንድ ነገ ይሠራለታል። ቫልቩ ታይቶ ነው ዋርፋሪን ወይስ ሌላ የሚለው የሚወሰነው አሉን። ይህ ምን ማለት ነው?


የማታ ተረኛ
እሑድ፣ ማታ 12፡40

እህቴ፣ ይህን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። ደግ አደረግሽ።

በእኛ አገር በልጅነት ጉሮሮ ታሞ ሳይታከም ቀርቶ በኋላ የልብ ቫልቭ የጠበበባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ወጣት ሴቶችም ሳይቀሩ በዚህ ምክንያት ስትሮክ ይዟቸው ይመጣሉ። የልብ ምት መዘበራረቅ ላይ እንዲህ ያለ የቫልቭ መጥበብ ካለ የሚመረጠው ዋርፋሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት ከአዲሶቹ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከዋርፋሪንና ከመሰሎቹ ጋር አወዳድሮ አሮጌው መድኃኒት የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ቫልቩ ደህና ከሆነ ግን እነ አፒክሳባን ያሉት አዲሶቹ ይመረጣሉ፤ እንደ ዋርፋሪን በየጊዜው የደም መርጋት ምርመራ አያስፈልጋቸውም። እዚህ ላይ ኪሳችሁን በሐቅ ንገሯቸው። አፒክሳባንን ለሁለት ወር ገዝቶ በሦስተኛው ከማጣት፣ ክትትል እየተደረገለት በዋርፋሪን መቆየት ይሻላል። ከነዚህ መድኃኒቶች ጥቂት ቀን መዝለል ልብን እንደገና ያለ ጠባቂ መተው ነው።


የፒያሳዋ
ዓርብ፣ ማታ 1፡05

ከሆስፒታል ወጥተናል። ቫልቩ አልጠበበም። ግን አፒክሳባኑን ሳይቋረጥ መግዛት እንደማንችል ተነጋግረን ዋርፋሪን ጀመረ። የግፊቱን ክኒን በየቀኑ እንዲውጥ እናቴ ተረክባዋለች፤ "ራሴን ካላመመኝ" የሚለው ነገር ቀርቷል። ያቺ ዳማከሴ ያመጡልን ጎረቤታችንም ሊጠይቁት መጥተው ነበር፣ ያወቅሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም ግፊት አለባቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ ዶክተር። ሐኪሟ "ጎመን ላይ ተጠንቀቁ" ብላናለች። አባዬ ጾመኛ ነው። በጾም ጎመን ካልበላ ምን ይበላል?


የማታ ተረኛ
ዓርብ፣ ማታ 1፡44

ጎመን ይብሉ። የተከለከለው መዋዠቁ ነው። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። በሳምንት የሚበሉት መጠን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ከሆነ መድኃኒቱ በዚያ ልክ ይስተካከላል። ችግር የሚመጣው በፍስክ ጎመን ሳይነኩ ቆይተው ጾም ሲገባ በየቀኑ ሲበሉ፣ ወይም ጾሙ ሲፈታ በአንዴ ሲያቆሙ ነው። ጾም ሊገባ ሲል እና ሲፈታ አይ ኤን አር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ምርመራ) ቀደም ብላችሁ አስለኩ። ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ከበለጠ ሊደሙ ይችላሉ። ሰገራ ከጠቆረ፣ የድድ መድማት ካልቆመ፣ ወይም ወድቀው ራሳቸውን ከመቱ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ። ለራስ ምታትም ለጉልበትም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከሱቅ ገዝታችሁ አትስጧቸው። የባህል መድኃኒት ካለም ለሐኪሟ ሳትነግሩ አትጀምሩ።

ደግሞ ቤት ያላችሁት ሁሉ እወቁት። ፊት ከወረደ፣ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ፣ ቢመለስም ባይመለስም፣ ሰዓቱን ጽፋችሁ ኑ። ስትሮክ ሆኖ ቢመጣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አይ ኤን አሩ ታይቶ ነው የሚወሰነው፣ ስለዚህ የክትትል ደብተራቸውን ይዛችሁ ኑ።


የፒያሳዋ
ዓርብ፣ ማታ 1፡58

ደብተሩን በር አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። አባዬ የመኪና ሊብሬውን ድሮ የሚሰቅልበት ሚስማር ነው። ቀጣዩ ምርመራ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ለባጃጁ ከአሁኑ ነግሬዋለሁ።